በስኳር ድንች የሄደችው መኪና

ታናሽ ወንድሜ ጀሪካን ተሸክሞ ግቢዬ የገባ ቀን ውሃ የቀዳልኝ መስሎኝ መርቄው ነበር። «ውሃ አይደለም እትዬ፣ ነዳጅ ነው» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ በሩ ላይ ሌላ ጀሪካን ቆሟል። እኔ ምድጃ ለኩሻለሁ፣ የጎረቤት ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ያንከባልላሉ። «ቤቴን ልታነደው ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። እሱ እንደ ልማዱ ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቀና አንደኛው ከሞላሰስ፣ ሌላው ከበቆሎ የወጣ አልኮል መሆኑን አስረዳኝ። ሦስተኛው ገና ሊሠራ ነው፤ ከስኳር ድንች፣ እዚሁ እኔ ግቢ።

ምሁሩ እለዋለሁ። በኬሚስትሪ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ብዙ ዓመት ሳሎኔ ሶፋ ላይ ተኝቷል፤ ሶፋው የእሱን ወገብ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። በመጨረሻ አንድ የምርምር ማዕከል በሙከራ ቀጠረው። ሥራቸው ቤንዚን ሲወደድና ሲጠፋ ምን ሊተካው እንደሚችል ማወዳደር ነው። ሞላሰስ ማለት ፋብሪካው ስኳሩን ካወጣ በኋላ የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው፤ የክፍሉ አለቃ የሚደግፈው እሱን ነበር። በቆሎውን የሚደግፍ ሌላ ባልደረባ አለ። የስኳር ድንቹ ሐሳብ ግን የወንድሜ የራሱ ነው። ከሦስቱ ለተሻለው ገጠር ውስጥ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ይተከልለታል። ስኳር ድንቹ ከተሸነፈ የወንድሜም ቅጥር እዚያው ያበቃል። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ሶፋው ላይ ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» አልኩት።

«መኪናሽን ነው የምፈልገው። እኛ ጋ ያለው ሞተር አዲስ ነው። ሰው የሚነዳው ግን ያንቺን ዓይነት ነው።»

ያንቺን ዓይነት ሲል አሮጌ ማለቱ ነው። ታክሲዬን እኔም አሮጊቷ እላታለሁ፤ ከእኔ በቀር ግን ማንም እንዲሰድባት አልፈቅድም። ቢሆንም ወንድሜ ነውና እሺ አልኩ። ነገሩ ቀላል ነበር። አልኮሉን ከቤንዚን ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ታንከሩን ይሞላል፤ እኔ እንደ ወትሮዬ እየሠራሁ እውላለሁ፤ ነዳጁ ተሟጦ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሄድኩ እነግረዋለሁ። ለማነጻጸሪያ መጀመሪያ በንጹህ ቤንዚን ነዳሁ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በመሃል ሌላ ነዳጅ አይጨመርም።

ሞላሰሱ ጠዋት ጠዋት ይለግማል። ቁልፉን ደጋግሜ እያዞርኩ፣ እየለመንኩም እየሰደብኩም ነበር የማስነሳት። አንዴ ከሞቀች በኋላ ግን ምን ልበል፣ ሄደች። ከቤንዚኑ ቀደም ብሎ አለቀ እንጂ መንገድ ላይ አላዋረደኝም። በቆሎውም ከዚያ ብዙ አይለይም። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው ምን እንደሚሸት ጠየቁኝ። «በቆሎ ነው አባባ፣ መኪናዋ በበቆሎ ነው የምትሄደው» ብዬ በኩራት መለስኩ። ሲወርዱ «እሷ በቆሎውን ከበላችው እኛ ጎማ ልንበላ ነው?» አሉኝ። ለወንድሜ ስነግረው ሳቀና አለቃውም ልክ ይህንኑ ብሎ በቆሎውን እንዳጣጣለው ነገረኝ።

ከዚያ የስኳር ድንቹ ተራ ደረሰ። የማዕከሉን ማጣሪያ አለቃው ለሞላሰሱ ስለያዘው ምሁሩ በአሮጌ በርሜልና በመዳብ ቱቦ የራሱን ሠራ። ድንቹን ይቀቅላል፣ ይፈጨዋል፣ እርሾ ይጨምርበታል፣ ከዚያ እንደገና እያፈላ ትነቱን ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማል። ግቢዬ መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ሸተተ። አተላውን የቀማመሱት ዶሮዎች ግድግዳ እየተደገፉ መሄድ ሲጀምሩ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አንቺ፣ ፈቃድ አውጥተሻል?» አለችኝ። የማገዶው ነገርማ አይወራ። «ይህን ሁሉ እንጨት ከምታነድ እንጨቱን ራሱን መኪናዋ ውስጥ ብንጨምረው አይሻልም?» አልኩት። አልሳቀም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የተማረም እንደማይለቅ አየሁ። ላቡን በክንዱ እየጠረገ በርሜሉ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሳየው ግን አንጀቴን በላው። ከልጅነቱ ጀምሮ የራሴ የሚለው ነገር ኖሮት አያውቅም። ሸሚዙ ሁሉ ከሰው የተረፈ ነበር።

በስኳር ድንቹ በነዳሁ በማግስቱ ጠዋት፣ ዘወትር ወደ ሆስፒታል የማደርሳትን ነርስ ይዤ ዳገቱን ስወጣ አሮጊቷ አሳለች። ማርሽ ቀነስኩላት። እንደገና አሳለች፤ እመሃል ላይ ጭራሽ ቆመች። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀብን። ነርሷ ሰዓቷን አየች። «የሌሊት ተረኛዋ እኔን ሳታይ ከሥራ አትወጣም፣ ሌላ ታክሲ ልያዝ» ብላ ወረደች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «አይዞሽ» አለችኝ።

ወደ ኋላ እያንሸራተትኩ ዳር አስያዝኳትና መፍቻ ይዤ ሥሯ ገባሁ። ከታንከሩ በታች ያለውን ቡሎን ላላ አድርጌ ጥቂት ነዳጅ ወደ ጠርሙስ አወረድኩ። ወደ ብርሃን ከፍ ሳደርገው ከሁለት ተከፍሏል፤ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃ የጠጣው አልኮል ከታች። ይህን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። የወንድሜ በርሜል ውሃውን ከአልኮሉ በደንብ አልለየውም፤ ሞተሬ ደግሞ የምትጠጣው ከታች ነው።

ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «እሺ እትዬ» ብሎ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ እንደገና ዓመት ሙሉ ሳሎኔ ሲቀመጥ ታየኝ። ስልኩን ኪሴ መለስኩ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ወደ ጀሪካን ገለበጥኩ፤ ወደ ታች በእግሬ ስወርድ ለማውቀው ጋራዥ ዕቃ ይጠቡበት ብዬ ሰጠሁት። እዳገቱ ግርጌ ካለው ማደያ ያንኑ ያህል ቤንዚን ገዝቼ ሞላሁ። ለዛሬ ብቻ ነው፣ ሥራዬን ልጨርስና ማታ እነግረዋለሁ አልኩ።

ማታ እበሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «እንዴት ነች?»

«እንደ ቤንዚን» አልኩት።

እውነቴን እኮ ነው፤ ቤንዚን ነበር። በዚህች ተንኮሌ ለራሴ ትንሽ ሳቅኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያቺን አንዲት ቃል ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ነዳጁ አልቆ የሄድኩትን ስነግረው አንድ አፍታ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ከዚያ አቀፈኝ። እኔም ጀርባውን መታ መታ እያደረግኩ፣ እንግዲህ ሆነ፣ ማንን ጎዳሁ አልኩ በልቤ።

አለቃው መኪናዋን ሊያይ እስከ ቤቴ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ፣ እጄን ጨበጠኝ። «የእርስዎ ምስክርነት ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። አፌን ሞልቼ የማልናገረው ነገር የሌለኝ ሴትዮ መሬት መሬቱን እያየሁ «ምንም አይደል» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ምሁሩ ሻወር ሲገባ ያፏጫል። ባፏጨ ቁጥር እኔ ድስት አጋጫለሁ። ተሳፋሪ ሂሳብ ሲያጎድልብኝ እጮህ የነበርኩት ሴትዮ «እሱን ተወው» ማለት ጀመርኩ፤ ራሴም ተገረምኩ። ሌላውን ውሸታም የምልበት አፍ አጣሁ።

ከዚያ አጎቴ ደወሉ።

አባታችን ሲሞት ሁለታችንንም ወስደው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው። እጓሯቸው ባለው የብርቱካን ዛፍ ነው የተማርነው ማለት ይቻላል፤ ፍሬውን እየሸጡ ነው ደብተርም ጫማም የገዙልን። ዛፎቹ አርጅተዋል፣ ግን ዛሬም ያፈራሉ። ስኳር ድንቹ እንዳሸነፈ፣ ፋብሪካው በእነሱ በኩል እንደሚተከልና ስኳር ድንች የሚያመርት ሁሉ ገበያው ደጁ ድረስ እንደሚመጣለት ወንድሜ ነግሯቸው ኖሯል።

«እሱ የተማረ ነው» አሉኝ። «የተማረ ሰው የወደደውን ነገር ያምናል። አንቺ ግን ነድተሽዋል። ንገሪኝ ልጄ፣ እውነት ሄደ?»

መንገድ ላይ ነኝ፤ ከኋላ ተሳፋሪ ተቀምጧል፤ ከፊቴ መብራቱ ሊለቅ ነው። ይህን ሁሉ ምክንያት አደርገው ይሆናል። ምክንያት ግን አይደለም፤ ወንድሜን ላለማጋለጥ ነው፣ ራሴንም።

«ሄደ አጎቴ» አልኩ።

«በቃ፣ አንቺ ካልሽ» ብለው መርቀውኝ ዘጉት።

ለምን እንደጠየቁኝ እንኳ አልጠየቅኩም። ያወቅኩት ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስታቸው አንድ ማታ ለሌላ ነገር ደውለው ሲያወሩኝ ነው። «ሰውየው እኮ አብዷል፤ ለስኳር ድንቹ ቦታ ይለቀቅ ብሎ ዛፍ ቆራጭ ቀጥሯል፤ ነገ ይመጣል» አሉኝ። «ይቆዩ በሏቸው» ስል ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሼ ብደውል አልሠራም አለ፤ እነሱ ጋ መብራት ከጠፋ ስልክ ቻርጅ የለውም።

በማግስቱ ማልጄ ተነሳሁ። ምሁሩ እግቢ ውስጥ በርሜሉን እያጠበ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ያ ቁጥር ውሸት ነው። ዳገቱ ላይ ቆመችብኝ፤ ነዳጅህን ደፍቼ ቤንዚን ነው የሞላሁት።»

እጁን ከበርሜሉ ሳያወጣ «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«አልኮል እንደ ቤንዚን ሩቅ አይወስድም እትዬ። ግማሹ አልኮል የሆነ ነዳጅ ከንጹህ ቤንዚን እኩል ሊሄድ አይችልም። ሞላሰሱም በቆሎውም ቀድመው ያለቁት ለዚህ ነው። ገና ቁጥሩን ስትጠሪው አወቅኩ። ለአለቃዬ ስነግረው እንዲታመን ብዬ ቀነስ አደረግኩት።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ያን ያህል ቀን እንቅልፍ ያጣሁበትን ነገር እሱ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ እኔ በሰጠሁት ውሸት ላይ ቁጭ ብሎ አሳምሮ አስተካክሎታል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ለመጮህ መብቱ ያለው ሰው ግን ከሁለታችን አንዱም አልነበረም።

«እኔ ለአንተ ብዬ ነው» አልኩት።

«እኔ እንኳ ለራሴ ብዬ ነው» አለኝ። እንዲህ ሲል ፊቱን አላዞረም፤ ለዚህች አከበርኩት።

«አጎቴ ብርቱካኑን ሊያስቆርጡ ነው። ዛሬ።»

በርሜሉን ለቀቀው። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቀድሞኝ መኪናዋ ውስጥ ገባ። መንገድ ላይ ሳልነግረው ራሱ ለአለቃው ደወለ። ሁሉንም ነገረው፤ ነዳጁ ውሃ እንዳለው፣ ቁጥሩ እንዳልነበረ፣ ድንቹን ለማፍላት የሚፈጀው ማገዶ ከሚወጣው ነዳጅ እንደሚበልጥ። ይህን የመጨረሻውን እኔም አልሰማሁም ነበር። አለቃው ብዙ ሳይናገር ዘጋው። «ምን አለ?» ስለው «መጀመሪያም ሞላሰሱን ብያችሁ ነበር አለ፤ ነገ ዕቃህን ውሰድም አለኝ» ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ገና መንደሩ ሳንገባ የመጋዙ ድምፅ ተሰማኝ። የሞተር መጋዝ ነው፤ በቤንዚን የሚሠራ። መኪናዋን በሩን ሳልዘጋ ጥዬ በጓሮ በኩል ሮጥኩ። ቆራጩ እንዲያቆም ሁለት እጄን ባወዛውዝለት መጀመሪያ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን አወዛወዘልኝ። ሲያጠፋው ዳር ላይ ያሉት ሁለት ዛፎች ብቻ ቆመዋል። ሌላው ሁሉ መሬት ላይ ነው፤ አረንጓዴው ፍሬ እንደያዘ። ጓሮው ከማውቀው በላይ ሰፊ ነበር፤ የጎረቤቱ ቤት እስከ መስኮቱ ድረስ ይታያል።

አጎቴ እየሳቁ መጡ። «ደግ መጣሽ፣ ችግኙን አብረን እንተክላለን። አየሽ ስንት ቦታ እንደወጣው?»

«አልሄደም አጎቴ» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ነዳጁ። ዳገት ላይ ጥሎኛል። ቤንዚን ሞልቼ ነው የነዳሁት። ፋብሪካውም አይመጣም።»

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የወረደው። «ሄደ ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉ።

«ዋሽቼዎት ነው።»

ወንድሜ ስለ ውሃውና ስለ አልኮሉ ሊያስረዳ ሲጀምር እጃቸውን አንስተው «አንተ ቆይ» አሉትና ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ምነው በተቆጡ፣ ምነው በሰደቡኝ። አንድ ፍሬ ከቅርንጫፉ ቀንጥሰው ገና ያልበሰለ መሆኑን በጣታቸው ጫን አድርገው አዩና አስቀመጡት። ሚስታቸው የተቆረጠውን የስኳር ድንች ሐረግ በሰፌድ ይዘው ቆመዋል፤ አጎቴ ሲደውሉልኝ አጠገባቸው ስለነበሩ የነገሩን መጀመሪያም መጨረሻም ያውቃሉ።

የመጋዙ ድምፅ መቆሙን ሰምተው ጎረቤቶች መጡ። አንደኛው ብዙ የሎሚ ዛፍ ያለው ሰው ነው። «ከጨረሳችሁ ቆራጩን ወደ እኔ ልውሰደው፤ እኔም በስኳር ድንቹ ልግባ ብዬ ነው» አለ።

«እንዳትቆርጥ» አሉት አጎቴ። «ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም።»

«እንዴት የለም? ልጆችህ አይደሉ እንዴ የነገሩህ?»

እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እሳቸው ግን ድምፃቸውን አጥርተው «ልጆቼማ ቆይ ብለውኝ ነበር። ገና አልተረጋገጠም፣ አትቸኩል ብላ እሷ ራሷ በስልክ ነግራኛለች። አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

የሎሚው ባለቤት ሳቀ። «በዚህ ዕድሜህ የልጅ ችኮላ ያዘህ በለኛ! እያወቀ ዛፉን የሚቆርጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።» ሌሎቹም ሳቁ። አንዷ «ሲያረጁ እንዲህ ነው» አለች። አጎቴ እኔን ላለማስነካት አብረዋቸው ሳቁ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ዓይናቸውን ግንዱ ላይ አድርገው። ወንድሜ እጄን ጨበጠኝ፤ ተይው ማለቱ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ብል እኮ ሁሉም በዚያው ያልቅ ነበር፤ ስማችን ንጹህ ሆኖ እንመለስ ነበር። ያን ሳቅ ግን ልተወው አልቻልኩም። እኒህ ሰው በመንደሩ ሸምጋይ ናቸው፤ ሰው የተጣላውን ይዞ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ። «ጠይቀውኝ ነበር። እውነት ሄደ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ሄደ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አልቸኮሉም።»

ሳቁ ቆመ። የሎሚው ሰውዬ አንዴ እኔን አንዴ አጎቴን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ፣ ዞር ዞር አሉ።

የቀረነው እኛ ብቻ ስንሆን አጎቴ ከግንዱ ላይ ተነሱ። ቅስማቸው አሁን ገና የተሰበረ መሰለኝ፤ ዛፎቹ እንኳ እንዲህ አላደረጓቸውም።

«ይኸው» አሉኝ፣ «አሁን ደግሞ እኔን በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።»

ዶማቸውን አንስተው ለስኳር ድንቹ ቀድመው የቆፈሩትን ጉድጓድ መድፈን ጀመሩ። እኔም ሌላ ዶማ ፈልጌ መጣሁና ላግዛቸው ብዬ ቆምኩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር የሚደፍኑት።